ተፈላጊ

ከአንገረብ ወንዝ ማዶ፣ ከድልድዩ በታች፣
ቆዳ የተወጠረባት አንዲት ጠባብ ግቢ አለች፤
የእኔ ናት፤ የፋቂው የእንዳላማው ደጅ፣
ሽታዋ ቀድሞኝ ገበያ ወጥቶ ስሜን የሚያውጅ።

ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው፣
ባሕር ዳር ተምሮ መርከብ የተሳፈረው።
«አጎቴ፣ ፎቶ ልኬልሃለሁ፤ አስፍተህ እየው» አለኝ።
ስሙ ቢያድግልኝ ነው። አደገልን፤ ራቀኝ።

መነጽሬን ፈልጌ፣ ጣቴን በሱሪዬ ጠርጌ ባየው፣
ወደብ ላይ የቆመ ሰሌዳ ነው፣ ቀይ ጽሕፈት ያለው።
ከጽሕፈቱ በላይ ሥዕል፦
ቅጠሏ ሰፊ፣ ጀርባው ዱቄት የነሰነሱበት፣
እሾኋ ግንዱ አልበቃው ብሎ በቅጠሉ ጅማት የወጣበት፣
ፍሬዋ ድብልብል፣ ቢጫ፤
እምቧይ!
የእኛዋ እምቧይ፣ ካልሆነችም የአክስቷ ልጅ፣
እንደ ሽፍታ ተሥላ በባዕድ ደጅ።

«ምን ይላል ጽሕፈቱ?» ብለው፣ በድምፅ መለሰልኝ።
«ተፈላጊ ይላል» አለኝ።
«ያያት ሰው ይጠቁም፣
ዘሯን ያሳደረ አይማርም።
ከየት እንደመጣች ሳትታወቅ ደሴቱን ወረሰችው፣
ከብቱን ከሣሩ ለየች፣ ጫካውን ችግኝ ነሳችው።
ወፍ ፍሬዋን ይበላል፣ በየጉብታው ይጥላል፤
አንዷን ሲቆርጡ፣ ከሥሯ ሰባት ይበቅላል።»

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።
እዚህ ማን ይፈልጋታል!
በአዘዞ መንገድ ዳር፣ በአጥር ሥር፣ በመቃብር ጥግ፣
ፍየል እንኳ አሽትታ የምታልፋት።
ልጆች ኳስ ሲያጡ ፍሬዋን ይለጋሉ፣
ሽማግሎች ዕርቅ ሲፈርስ ‹የእምቧይ ካብ› ይላሉ፤
ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሣት።
ፈላጊዋ እኔ ነኝ፣ ማለዳ ጆንያ ይዤ የምለቅማት።
ወቅጬ፣ በጥብጬ፣ ቆዳውን ነክሬ ሳሳድር፣
ፀጉሩ ይላቀቃል በማግስቱ፣ ቂም እንደሚሽር።
የቁስቋም ከበሮ በእሷ ነው የሚጮኸው፤
ይህን ግን ማኅሌቱ ላይ ማንም አይዘክረው።

እኛስ? አባቴ በገበያ ሲያልፍ እናቶች ልጅ ይሸፍኑ ነበር፣
‹የፋቂ ዐይን ይበላል› ተብሎ። ሰሌዳ ባይኖር፣
የሚያነብ አልጠፋም።

ማን ወሰዳት እዚያ? እግር የላት፣ ክንፍ የላት።
በበግ ፀጉር ተሰክታ? ወይስ አንዱ አላፊ፣ ቅጠሏ አማልሎት፣
«ለደጄ ጌጥ» ብሎ ዘሯን በመሐረብ ቋጥሮ?
የእሱ መልክ የለም ከሰሌዳው፤ የእሷ ነው ያለው፣ ተቸንክሮ።

ሁለተኛ ፎቶ መጣ። ሽማግሌ ነው፣ ገጀራ የያዘ፣
እጁ እስከ ክርኑ ተቧጭሮ ደም ያረገዘ፤
ከኋላው ሦስት ላሞች፣ ጎድናቸው የሚቆጠር።
ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ እንደ እሾህ ስንጥር።
ያን እጅ አውቀዋለሁ። የእኔን አየሁት በመብራት፦
ያው ጭረት፣ ያው ጠባሳ፤
እሱ ሊያጠፋት፣ እኔ ላገኛት።

«ንገረው» ብዬ ጀመርሁ፤ «የላሞቹ ነገር ገብቶኛል።
ይቁረጣት፣ አልፈርድበትም። ፍሬዋን ግን ከማቃጠሉ በፊት፣
ቆዳ ካለው፣ በእንስራ...»
ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ዛሬ ጠዋት ጆንያዬን ይዤ ወጣሁ።
ከለመድኩት ቦታ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንዲትም አጣሁ።
መንገዱ ሰፍቶ፣ ጠርዙ ድንጋይ ተነጥፎ፣
አፈሩ ተገልብጦ፣ በላዩ አበባ ተሰልፎ፤
ከየት እንደመጣ ስሙን የማላውቀው፣
በላስቲክ ከረጢት ከመኪና የተራገፈው።
ሰሌዳም ቆሟል፦ «አበባውን መንካት ክልክል ነው»።

ዘበኛውን ጠጋ ብዬ፣ «የት ጣላችኋት?» አልሁት።
«ማንን?»
«ተፈላጊዋን።»
ዱላውን ጨበጠ፤ ግራ ቀኙን አየ፤
ፊሽካውን ካፉ ከትቶ፣ እስትንፋሱን ይዞ ቆየ።